ከመሠረት እስከ ጕልላት፦ የሕንፃ ሥራ ትምህርትና የሚያደርስበት ሙያ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ ለብዙ ነገር ይነገራል፤ ነገር ግን ለሕንፃ ሥራ እንደሚስማማው ያህል ለሌላ ነገር የሚስማማ አይመስለንም። በችኮላ የተቆፈረ መሠረት በመጀመሪያው ክረምት ምስጢሩን ያወጣልና።

ይህንንም ከጥቂት ዓመታት በፊት በአርሲ ደጋ እናስተምርበት በነበረ በአንድ ትምህርት ቤት በዓይናችን አይተናል። አዲሱ የመማሪያ ክፍል ተገንብቶ፣ በቆርቆሮ ተከድኖ፣ በኖራ ተቀብቶ ባየነው ጊዜ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ክረምቱ አልፎ በመስከረም ስንመለስ ግን ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ መሠረቱ የሚወርድ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘን። በጥር ወር ስንጥቁ ሰፋ፤ በሩም አልዘጋ አለ። ሕፃናቱን አስወጥተን ከጽድ ጥላ ሥር ማስተማር ግድ ሆነብን።

ሠራተኞቹ አልሰነፉም፤ ሲሚንቶውም አልጐደለም። ጥፋቱ ሌላ ነበር። ቦታው ዋልካ አፈር ነበር። ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ይኰማተራል፤ በላዩ የቆመውንም ግድግዳ አብሮ ያነሣዋል፤ አብሮም ይጥለዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው መሠረቱን ከሚንቀሳቀሰው አፈር በታች ያወርደዋል፤ ወይም ዋልካውን አስወጥቶ በሌላ አፈር ይተካዋል፤ የዝናቡንም ውሃ ቦይ ቀድዶ ከግድግዳው ያርቀዋል። ነገር ግን ንድፉን የሠራው ሰው ቦታውን አላየም ነበር፤ ቦታውን ያየው ግንበኛ ደግሞ ንድፉን ማንበብ አይችልም ነበር። በሁለቱ መካከል ሊቆም የሚገባው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ዛሬ ልናወሳ የፈለግነው ስለዚህ በመካከል ስለሚቆም ሰው፣ ስለ ትምህርቱና ስለ እንጀራው ነው። ለመጻፍ ያነሣሣን ግን ሌላ ምክንያት ነው። ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አባት አንድ ቀን ማታ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ቤታችን መጡ። ልጅቱ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፋ የዩኒቨርሲቲ ምደባ የምትጠባበቅ ነበረች።

«መምህር፣» አሉን፤ «ሐኪም ትሆንልኛለች ብዬ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማርኋት፤ እርሷ ግን የሕንፃ ሥራ ካልተማርሁ ትላለች። ይህን ያህል ዘመን ያስተማርኋት ጭቃ እንድትረግጥ ነው? ከግንበኛ ጋር መወጣጫ ላይ ልትንጠለጠል ነው? እባክዎ ይምከሩልኝ።»

ልጅቱ ከበሩ አጠገብ አንገቷን ደፍታ ቆማ ነበር። እኛም የሰው ልጅ ዕድል በአንድ ማታ የሚቈረጥ ነገር ስላልሆነ «ጥቂት ቀን ይስጡን» ብለን ሸኘናቸው። ከዚህ በታች የምንጽፈው በነዚያ ቀኖች ያሰብነውንና የመረመርነውን ነው።

ንቀቱ ከየት መጣ?

እኒያ አባት የተናገሩት የብዙዎቻችን ሐሳብ ነው። በአገራችን የእጅ ሥራ ሲናቅ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን በክፉ ስም ስንጠራ ኖረናል፤ ይሁን እንጂ እርሱ በቀጠቀጠው ማረሻ እናርሳለን፤ እርሷ በሠራችው ምጣድ እንጋግራለን፤ እርሱ በሸመነው ሸማ በበዓል ቀን እናጌጣለን። በላሊበላ ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት፣ በጎንደር የፋሲልን ግንብ ስናይ እንደነቃለን፤ ድንጋዩን የጠረበውን እጅ ግን አናስበውም። በኦሪት ዘፀአት የድንኳኑን ሥራ የመራው ባስልኤል ጥበቡ ከእግዚአብሔር የተሰጠው መሆኑ ሲነበብ በአክብሮት ሰምተን፣ የገዛ ልጃችን መዶሻ ቢይዝ እናፍራለን። ይህ በሁለት ልብ መኖር ነው።

ሙያው ምንድን ነው?

አንድ ቤት ከመሠራቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ቤቱ ምን ይምሰል፣ ክፍሎቹስ እንዴት ይደልደሉ የሚል ነው፤ ይህን የሚመልሰው አርክቴክቱ ነው። ሁለተኛው፣ ዓምዱና ወለሉ ሸክሙን ይችላሉን የሚል ነው፤ ይህን በሒሳብ የሚመልሰው መሐንዲሱ ነው። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የታሰበው ነገር በየትኛው ዕቃ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ያህል ገንዘብ፣ በማን እጅ ይሠራ የሚለው ነው። የዚህ መልስ የሕንፃ ቴክኖሎጂ ይባላል። በእንግሊዝ አገር ይህን ሙያ የያዙ ሰዎች በአውሮጳ አቆጣጠር በ1965 ከአርክቴክቶች የተለየ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። በእኛ አገር ግን ሙያው በአንድ ስም ብቻ አይጠራም፤ ከፊሉ በአርክቴክቸር፣ ከፊሉ በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት፣ ከፊሉም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በሚሰጡት የንድፍና የግንባታ ሥልጠና ውስጥ ይገኛል።

ነገሩ በስሙ ብቻ እንዳይከብድ በአሰላ አንድ ቤት በሐሳባችን እንሥራ። ስፋቱ 8፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ጣሪያ 80 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 1,600 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ይኸውም ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ስምንት ጊዜ የሚሞላ ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ ውሃ በራሱ መሠረት ላይ ያፈስሳል። ባለሙያው ግን ክዳኑን ከግድግዳው አሳልፎ ያወጣል፤ አሸንዳውን በትክክል ያዘነብላል፤ ውሃውንም ወይ ወደ ቦይ ወይ ወደ ማጠራቀሚያ ይመራዋል።

ስለ መስኮቱም እናስብ። አሰላ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፤ ከምድር ወገብም በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። ስለዚህ ውርጭ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ፀሓይ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። መስኮቱን ወደ ደቡብ የከፈተ ሰው ያለ ማገዶ የሚሞቅበትን አገኘ ማለት ነው። ይህ አንድ ብር እንኳ የማያስጨምር ዕውቀት ነው፤ ግን ግድግዳው ከቆመ በኋላ የመጣ እንደ ሆነ አይጠቅምም።

አርማታውንም እንመልከት። ሠራተኛው ለማቡካት እንዲቀለው ውሃ ያበዛበታል። ሲሚንቶ የሚፈልገው ግን የተወሰነ ውሃ ብቻ ነው፤ ትርፉ ውሃ በኋላ ሲተን በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ አርማታውም ይደክማል። ከተሞላ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቢያንስ ሰባት ቀን ያህል ውሃ እየጠጣ ካልከረመ በሚገባ አይጠነክርም። የጥንካሬው መደበኛ ፈተና የሚደረገውም በ28ኛው ቀን ነው። እንግዲህ በሚቦካበት ጊዜ ውሃ የሚቈጠብለት፣ ከቆመ በኋላ ግን በብዛት የሚሰጠው መሆኑን የማያውቅ ሰው ሁለቱንም አገላብጦ ይሠራዋል። በየመንደሩም የምናየው ይህንኑ ነው።

እኒያ አባት የናቁት ጭቃም ቢሆን የራሱ ትምህርት አለው። አባቶቻችን የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክለው፣ በማገር አሥረው፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው ለቀናት ያሳደሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጭዱ ጭቃው በሚደርቅበት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ አያይዞ ይይዘዋል። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት፣ ከላዩ ሰፊ ክዳን ያገኘ የጭቃ ቤት የልጅ ልጅ ያሳድጋል። የሕንፃ ሥራ የተማረ ሰው ይህን አይንቅም፤ ለምን እንደሚቆምና ለምን እንደሚወድቅ መርምሮ ያሻሽለዋል እንጂ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰው ሕይወት አለ። የእኛ ደጋ የቆመው በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ዳር ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። በ1953 ዓ.ም. በወሎና በሸዋ ወሰን የማጀቴና የካራ ቆሬ ከተሞች በመንቀጥቀጥ ተጎድተዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቀየውን ለቅቆ ወጥቷል። በዓምድ ውስጥ ያለውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ስታፋ ተራርቆ ቢታሰር በደኅና ቀን ማንም አያየውም፤ በመንቀጥቀጥ ቀን ግን ስንት ሰው እንደሚተርፍ የሚወስኑት እንደዚህ ያሉ ነገሮች ናቸው። አርማታው ከመሞላቱ በፊት ጎንበስ ብሎ «ይህ ይፈታና እንደገና ይታሰር» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ትምህርቱ በአገራችን እንዴት ተጀመረ?

በአውሮጳ አቆጣጠር በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአዲስ አበባ የሕንፃ ሥራ ማስተማሪያ ተቋቋመ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ በልደታ ያለውን ግቢ «ሕንፃ ኮሌጅ» እያለ ይጠራዋል። በዚያ ከማስተማር ሌላ የሕንፃ ዕቃዎችን መፈተንና መመርመር አንዱ ሥራ ነበር። ኋላም ወደ ዩኒቨርሲቲው ተጠቃልሎ፣ ዛሬ የሥነ ሕንፃ፣ የግንባታና የከተማ ልማት ተቋም ሆኖ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል።

ይህ የስዊድን ወዳጅነት ወደ እኛም ደጋ ደርሷል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1967 በአሰላ የተጀመረውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሽማግሌዎቻችን «ካዱ» እያሉ ያስታውሱታል። ብዙ ሰው ካዱን የሚያስታውሰው በስንዴው ዘርና በማዳበሪያው ነው፤ ነገር ግን መንገድና የመጠጥ ውሃም ከሥራዎቹ መካከል ነበሩ። በዚያው በ1960ዎቹ ዓመታት በስዊድን ርዳታ የተቋቋመ የትምህርት ቤት ሥራ ክፍልም፣ የየአገሩ ሕዝብ የድርሻውን እያዋጣ፣ በመላ አገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሠርቷል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ዘር ያለ ጎተራ፣ ትምህርት ያለ ጣሪያ አይዘልቅምና፣ ልማት በተባለበት ቦታ ሁሉ የሕንፃ ባለሙያ አብሮ ይፈለጋል።

ዛሬ የአሰላ ልጅ ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቁልቁል 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረ ሲሆን፣ የሲቪል ምሕንድስናና የአርክቴክቸር ትምህርት ይሰጣል።

መግቢያውና መንገዱ

በዩኒቨርሲቲ በኩል የሚሄድ ተማሪ አምስት ዓመት ያህል ይማራል። መጀመሪያ ከሌሎች ጋር የጋራውን ትምህርት ይከታተላል፤ ከዚያም ንድፍ፣ የዕቃዎች ጠባይ፣ የአሠራር ዘዴ፣ ቅየሳ፣ የዋጋ ስሌት፣ የውልና የሕግ ትምህርት ይከተላሉ። የንድፍ ክፍል ሌሊት የሚያስነጋ ትምህርት መሆኑን ወላጆች አስቀድመው ይወቁ፤ ወረቀቱ፣ ካርቶኑና ኮምፒዩተሩም ወጪ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት።

ነገር ግን ለሁሉም ልጅ ያለው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. በተነገረው የ12ኛ ክፍል ውጤት ከመቶ ተፈታኞች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ሦስት ያህል ብቻ እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። የቀሩት ልጆች የማን ናቸው? የእኛው ናቸው። ከእነርሱ መካከል እጁ የተባረከ፣ ዓይኑ ልክ የሚያውቅ ልጅ ያለው ወላጅ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኩል ያለውን በር ቢያንኳኳ መልካም ነው። በዚያም ንድፍ ማንበብ፣ ግንበኝነት፣ አናጢነት፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሥራ በደረጃ ይሰጣል፤ የብቃት ምዘናውንም ያለፈ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። የግል ኮሌጅ የሚመርጥ ወላጅ ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ለዚያው የትምህርት ዓይነት ፈቃድ ያለው መሆኑን ይጠይቅ።

ወደ ምን ሥራ ያደርሳል?

ብዙ ወላጅ የሕንፃ ትምህርት ሲባል የሚታየው መወጣጫው ብቻ ነው። እውነቱ ግን ሰፊ ነው። አንዱ በንድፍ ቢሮ ተቀምጦ የአርክቴክቱን ሐሳብ ግንበኛው ሊሠራበት ወደሚችል ዝርዝር ንድፍ ይለውጣል፤ ይህ ሥራ ዛሬ በእርሳስ ሳይሆን አውቶካድና ሬቪት በተባሉት የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ይሠራል። ሌላው ከተቋራጭ ዘንድ ተቀጥሮ ሥራውን በቦታው ይመራል። ሌላው ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ሜትር ኩብ አሸዋ፣ ስንት ብረት እንደሚገባ ቈጥሮ ዋጋውን ይተምናል። ሥራ በመካከል ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ የዚህ ቈጠራ ስሕተት ስለ ሆነ፣ ሒሳብ የሚወድድ ልጅ በዚህ በኩል ተፈላጊ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ የማዘጋጃ ቤት ሥራ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸውንና ቁመታቸው ከ12 ሜትር የሚበልጠውን ከሁሉ በጠበቀው ምድብ ውስጥ አግብቷቸዋል። ንድፉን የሚመረምርና ግንባታውን ወጥቶ የሚያይ ባለሙያ ከሌለ ግን ሕግ ብቻውን ግድግዳ አያቆምም። የአፈርና የአርማታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ፣ በሙያ ኮሌጅ ማስተማር፣ የጥንት ሕንፃዎችን መጠገንም ሥራዎች ናቸው። በአዲስ አበባ የተማሩና ያስተማሩት አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ስለ ቀደምት ሕንፃዎች አጠባበቅ ሲደክሙ መኖራቸው የታወቀ ነው። ከባልንጀሮቹ ጋር ተደራጅቶ ብሎኬት የሚያመርት ወይም አነስተኛ የግንባታ ሥራ የሚይዝም አለ።

ችግሩንም አንሸሽግ

አንባቢን በተስፋ ብቻ ልንሸነግል አንወድድም። በአውሮጳ አቆጣጠር ከ2008 ገደማ ጀምሮ መንግሥት ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ በወሰነ ጊዜ ተመራቂው በዛ፤ ሥራው ግን በዚያው ልክ አልበዛም። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በናረ ጊዜ ብዙ ግንባታ ይቆማል። ቀጣሪ ሁሉ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ያለ ሥራ ግን ልምድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ተማሪው በየክረምቱ ዕረፍት ወደ ግንባታ ቦታ ሄዶ፣ ደመወዙ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ ሌንዛ መወጠር፣ ቱንቢ መጣል፣ ካዞላ መያዝ ይልመድ። ዲግሪ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳለው ሰው ነው። ንድፉንም ግድግዳውንም የሚያውቅ ግን ሥራ ባነሰበት ዘመን እንኳ ከመጨረሻዎቹ ተሰናባቾች አንዱ እንጂ ከፊተኞቹ አይሆንም።

የማድ ቤቱ ማዕዘን

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ እኒያ አባት ቤት ሄድን። በዚያ ቀን አንድ ግንበኛ አስመጥተው ለአዲስ ማድ ቤት ችካል እያስተከሉ ነበር። ንግግራችንን ገና ሳንጀምር ልጅቱ ወደ ችካሎቹ ቀረብ ብላ «አባዬ፣ ይህ ማዕዘን ልክ አይደለም» አለች። ግንበኛው «በዓይኔ ልክ ነው» አለ። እርሷም ሜትሩን ተቀብላ ከማዕዘኑ ተነሥታ በአንዱ ወገን 3 ሜትር፣ በሌላው ወገን 4 ሜትር ለካችና ምልክት አደረገች፤ ከዚያም ከምልክት ወደ ምልክት ስትለካ 4 ሜትር ከ90 ሆነ። «5 ሜትር ሙሉ ካልሆነ ማዕዘኑ ቀጥ አይልም» ብላ ችካሉን ነቅላ አራቀችው። ግንበኛውም ሌንዛውን እንደገና ወጥሮ ራሱን ነቀነቀ፤ «ልክ ናት» አለ።

አባትየው ምንም አልተናገሩም። ሜትሩን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ጎንበስ አሉና ራሳቸው እንደገና ለኩ። አምስት ሜትር ነበር። ቀና ብለውም «ይህን ማወቅሽን ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት።

«መቼ ጠየቁኝ፣ አባዬ?» አለች።

እኛም ያዘጋጀነው ምክር ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ብዙ መናገር አላስፈለገንም። ምደባው በመጣ ጊዜ የጉዞ ስንቋን ያስቋጠሩላት አባቷ ራሳቸው ናቸው። የሚቀራት መንገድ ገና ረዥም ነው፤ ሊያቃናላትም ሊያደክማትም ይችላል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ምን እንዲሆን እንደምትፈልጉ ከመወሰናችሁ በፊት ምን ማድረግ እንደሚችል ጠይቁት፤ ሲሠራም ቆማችሁ ተመልከቱት። የልጅ ትምህርትም እንደ ቤት ነው፤ መሠረቱ ሲጣል ያልታየ ጠማማነት ጕልላቱ ሲወጣ ይታያል፤ ያን ጊዜ ግን ለማቃናት ብዙ ያስከፍላል።